ተመሳሳይ ጂን፣ ሌላ ሥራ፦ ከባክቴሪያ ኢንዛይም እስከ ፈጅር እንቅልፍ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ባለፈው ዓመት በዶርማችን ስድስት ልጆች ነበርን። አምስታችን ለፈጅር እንነሳለን፤ ስድስተኛው አይነሳም። ማታ ሦስት አላርም ይሞላል፤ ሦስቱም ይጮሃሉ፤ እኛን ይቀሰቅሱንና እሱ ይተኛል። መጀመሪያ እየነቀነቅን እናስነሳው ነበር። ቆይተን መቀለድ ጀመርን። አንድ ቀን ከመስጂድ ስንመለስ አሁንም ተኝቶ አገኘነውና ከመካከላችን አንዱ «አንተ እኮ ለሶላት ግድ የለህም» አለው። ያ ተናጋሪ እኔ ነኝ። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከጀመዓው እየራቀ ሄደ፤ የሐሙስ ደርስም ላይ መታየት ተወ።

ከወራት በኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ነገሩን አጫወተኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደውም። መብራት አጥፍቶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ አዝካሩን ብሎ ይተኛል፤ ዓይኑ ግን ፈጦ ያድራል። አባቱም እንደዚሁ ናቸው። መድረሳ ሲማር በሼኹ የተገረፈው ቂርኣት ስላልያዘ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ስለሚያንቀላፋ ነበር።

የልጁ ችግር ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ነገር ግን ያ ወሬ ቤተ መጻሕፍት አስገባኝ። እዚያ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት ሩቅ ቦታ፣ ከባክቴሪያ ነው የጀመረው። ዛሬ ለእናንተ የማካፍላችሁ እሱን ነው። አንድ ማስታወሻ ብቻ ላስቀድም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጂን» የምለው የባዮሎጂውን፣ ዘር የሚያወርሰውን ነው፤ የሌላኛውን ጉዳይ ለኡስታዞቻችን ትቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመስኮት ብርሃን የዳኑት ባክቴሪያዎች

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚባል ለዓይን የማይታይ ጨረር አለ። ይህ ጨረር ሕያው ነገርን የሚጎዳበት ዋናው መንገድ በዲኤንኤ በኩል ነው። ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በምንላቸው አራት ፊደላት የተጻፈ መመሪያ እንደሆነ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምሮናል። ጨረሩ ሲያርፍበት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቲዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሴሉ መመሪያውን ሊያነብ ወይም ሊገለብጥ ሲሄድ የተጣበቁት ፊደላት ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይም ይሳሳታል። ጉዳቱ ከበዛ ሴሉ ይሞታል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አልበርት ኬልነር የተባለ ተመራማሪ ረቂቅ ሕያዋንን በዚህ ጨረር እየመታ ስንቱ እንደሚተርፍ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ ግን አልያዝ አለው። ተመሳሳይ ሙከራ አንድ ቀን ጥቂት፣ ሌላ ቀን እጅግ ብዙ ትራፊ ይሰጠዋል። መጀመሪያ የጠረጠረው የሙቀት ልዩነትን ነበር። ሲያጣራ ምክንያቱ ተራ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። በአልትራቫዮሌት ተመትተው ሊሞቱ የተቃረቡት ሕያዋን የሚታይ ብርሃን ሲያገኙ ይድናሉ! ውጤቱ በ1949 ታተመ።

ብርሃን የጎዳውን ብርሃን እንዴት ይጠግናል? በ1950ዎቹ መጨረሻ ክላውድ ሩፐርት የተባለ ሳይንቲስት የባክቴሪያን ጭማቂ ከተጎዳ ዲኤንኤ ጋር በብልቃጥ ቀላቅሎ ብርሃን አበራበት። ዲኤንኤው ተጠገነ። ስለዚህ ጭማቂው ውስጥ በብርሃን የሚሠራ ኢንዛይም አለ ማለት ነው። ስሙን ፎቶላያዝ አሉት።

ለኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህ ኢንዛይም ደስ የሚል ማሽን ነው። በጨለማ ውስጥ ሆኖ የተጣበቁትን ፊደላት ፈልጎ ይይዛል፤ ይዞም ይጠብቃል። ሰማያዊ ብርሃን ሲመጣ ከቫይታሚን ቢ9 ቤተሰብ የሆነች ሞለኪውል እንደ አንቴና ብርሃኑን ትቀበላለች፤ ጉልበቱን ከቫይታሚን ቢ2 ለምትሠራ ሌላ ሞለኪውል ታቀብላለች፤ ሁለተኛዋ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ጉዳቱ ትልካለች፤ ማጣበቂያው ይፈታል፤ ኤሌክትሮኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ምንም የተቆረጠ፣ ምንም የተጣለ ነገር የለም። ሱብሓነላህ!

ችግሩ ኢንዛይሙ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነበር። አንድ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኙት ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ቅንጣቶች ብቻ ናቸው። በዚህ መጠን አጥርቶ ማጥናት አይቻልም። ነገሩ ለዓመታት እዚያው ላይ ቆመ።

የሳቩሩ ሐኪም

አዚዝ ሳንጃር በ1946 በቱርክ ማርዲን ግዛት፣ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ስምንት ልጆቻቸውን ግን እንዲማሩ አጥብቀው ይገፉ ነበር። አዚዝ ኢስታንቡል ሕክምና ተምሮ በ1969 ተመረቀና ተወልዶ ባደገበት አካባቢ የገጠር ሐኪም ሆኖ ሠራ። ሐሳቡ ግን ምርምር ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ሄዶ የጀመረው ትምህርት ስላልሆነለት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲሄድ ቴክሳስ ወደሚገኘው ወደ ሩፐርት ላቦራቶሪ ነበር። ልቡን የያዘው ያው በብርሃን የሚነሱት ባክቴሪያዎች ነገር ነው።

በ1976 የፎቶላያዝን ጂን ለይቶ አወጣ። ባክቴሪያዎች ኢንዛይሙን በብዛት እንዲያመርቱም አደረገ። ከዚያስ? ከዶክትሬቱ በኋላ ለምርምር ሥራ ሦስት ቦታ አመለከተ፤ ሦስቱም አልተቀበሉትም። ዶክተር ሆኖ ሳለ በዬል ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ተቀጠረ። ሲጂፒኤ ዝቅ አለብኝ ብላችሁ ለተጨነቃችሁ ይህቺን ያዙልኝ።

ዬል ሲገባ ፎቶላያዝን ለጊዜው አስቀምጦ ባክቴሪያ ያለ ብርሃን ጉዳቱን የሚጠግንበትን ሁለተኛ መንገድ ያዘ። ባክቴሪያዎች ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ዲኤንኤውን ቆርጠው፣ 12 ወይም 13 ፊደል ያህል የሆነውን ቁራጭ አውጥተው፣ ክፍተቱን በአዲስ ይሞላሉ። ሥራውን የሚሠሩትን ፕሮቲኖች አጥርቶ አሠራራቸውን በ1983 አሳየ። በ2015 ከቶማስ ሊንዳልና ከፖል ሞድሪች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ መስመር ለሠራው ሥራ ነው።

ሥራው አንድ፣ ሠራተኛው ሌላ

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። እኛም ፀሐይ ይመታናል፤ የኛም ቲዎች ይጣበቃሉ። ታዲያ እኛ በምን እንጠግናለን?

የሰው ሴልም ልክ እንደ ባክቴሪያው ጉዳቱን በሁለት በኩል ቆርጦ ያወጣል። ቁራጩ ረዘም ይላል፤ ወደ 30 ፊደል ይጠጋል። ይህ ጥገና በዘር ምክንያት የጎደለባቸው ሰዎች አሉ፤ ፀሐይ ቆዳቸውን ክፉኛ ይጎዳዋል፤ በልጅነታቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሥራው አንድ ነው። የሚሠሩት ፕሮቲኖች ሲታዩ ግን የሰዎቹና የባክቴሪያዎቹ ዝምድና የላቸውም! የተለያዩ ሠራተኞች፣ የተለያየ ስብጥር፣ ተመሳሳይ ሥራ።

የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ ሥራ መመሳሰሉ ዝምድናን አያረጋግጥም።

ፎቶላያዝስ ሰው ውስጥ አለ? ይህ ጥያቄ ለዓመታት አከራክሯል። አለ የሚሉም የለም የሚሉም ነበሩ። የሳንጃር ቡድን በጥንቃቄ ፈትሾ በ1993 የለም አለ። ዛሬ እንደምናውቀው ከባክቴሪያ እስከ ዕፅዋት፣ ከዓሣ እስከ ካንጋሮ ብዙ ፍጥረታት ፎቶላያዝ አላቸው፤ ሰውን ጨምሮ ጽንሳቸውን በእንግዴ ልጅ የሚመግቡት አጥቢዎች ግን የላቸውም።

ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ። አልተዘጋም።

የመረጃ ቋቱ ያወጣው ዘመድ

በዚያው በ1993 ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። አንዲት ትንሽ ተክል አለች፤ ተመራማሪዎች የሚወዷት አራቢዶፕሲስ የምትባል። ችግኟ ሰማያዊ ብርሃን ስታይ ቁመቷን ትገታለች። አንድ ጂን የተበላሸባት ችግኝ ግን ብርሃኑ እያለ ጨለማ ውስጥ እንዳለች ሁሉ ትመዘዛለች። ያ ጂን ሲነበብ ፎቶላያዝን ይመስላል፤ ዲኤንኤ ግን አይጠግንም። ሥራው ለተክሏ ብርሃን መጣ ብሎ መንገር ነው። ክሪፕቶክሮም የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ፕሮቲን ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1995፣ የሰው ጂኖች ቁርጥራጭ ንባብ በኮምፒውተር ቋት እየተሰበሰበ ሳለ ፎቶላያዝን የሚመስል የሰው ጂን ብቅ አለ። ሳንጃር «ሰው ውስጥ የለም» ብሎ ካተመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው! አስቡት፤ ስማችሁን አስፍራችሁ የለም ያላችሁት ነገር በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አለሁ ሲላችሁ።

እዚህ ላይ «ይመስላል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ እናድርግ። ፕሮቲን በ20 ዓይነት አሚኖ አሲድ የሚጻፍ ረጅም ቃል ነው ብላችሁ ውሰዱት። የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ፎቶላያዝ ወደ 470 ፊደል አለው፤ የሰው አንደኛው ክሪፕቶክሮም 586። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታሰልፏቸው ሩብ ያህሉ ፊደል በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ይሆናል። በአጋጣሚ ቢሆን የሚጠበቀው ከ20 ፊደል አንድ ገደማ ነበር። የነፍሳት ፎቶላያዝ ከሆነ ደግሞ መመሳሰሉ ወደ ግማሽ ይደርሳል። በጣም የሚመሳሰለውም ያቺ የቢ2 ሞለኪውል የምትቀመጥበት ኪስ አካባቢ ነው።

ባዮሎጂስቶች ይህን መመሳሰል የሚያስረዱት ከአንድ የጋራ ጥንታዊ ጂን በመውረድ ነው። ይህን ማብራሪያ በተመለከተ በሙስሊም ምሁራን መካከል ሰፊ ውይይት አለ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። መመሳሰሉ ራሱ ግን ፊደል መቁጠር ለሚችል ሁሉ የተዘረጋ ሐቅ ነው።

ታዲያ ሳንጃር ምን አደረገ? ስሕተቴን አምኛለሁ አላለም፤ መረጃው ሐሰት ነውም አላለም። ጂኑን ወሰደ፤ ፕሮቲኑን አመረተ፤ ተመሳሳይ ሁለተኛ ጂንም ተገኘ። የተጎዳ ዲኤንኤ አቀረበላቸው፤ ብርሃን አበራ። ሁለቱም ምንም አልጠገኑም። የ1993ቱ ቃል ጸና ማለት ነው፤ ፎቶላያዝ የሚመስሉ ሁለት ጂኖች አሉን፤ ፎቶላያዝ ግን የለንም። ውጤቱ በ1996 ታተመ።

ይህን ሳነብ መድረሳ ሳለሁ የሰማሁት ትዝ አለኝ። በሐዲስ ዘጋቢዎች ውስጥ ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ አንዳንዴም የአያታቸው ስም ሳይቀር አንድ የሆኑ የተለያዩ ሰዎች አሉ። አንዱ ታማኝ፣ ሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ኸጢብ አል-ባግዳዲ በእነዚህ ስመ ሞክሼዎች ላይ «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» የተባለ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ኡስታዛችን «ስሙን አየሁ ብለህ ሰውየውን አወቅሁ አትበል፤ ከማን ሰማ፣ ማን ከእሱ ሰማ፣ የት ኖረ ብለህ ጠይቅ» ይሉን ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ይኸው ነው፦ ዝምድና መኖሩ የሥራ አንድነትን አያረጋግጥም። መመሳሰል የት እንደምንፈልግ ይጠቁመናል፤ ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን ፈተናው ነው።

አይጦቹ ምን አሉ?

የማይጠግን ፎቶላያዝ ሰው ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ሳንጃር ከቱርክ ወደ አሜሪካ በአውሮፕላን ሲመለስ በረጅም በረራ የሚዛባውን የሰውነት ሰዓት የሚያብራራ አንድ ጽሑፍ አነበበ። ሰውነታችን ውስጥ 24 ሰዓት ገደማ የሚዞር ሰዓት አለ፤ ብርሃን እያየ ራሱን ያስተካክላል። ሳንጃር ነገሩን አገናኘ፦ የተክሏ ክሪፕቶክሮም ብርሃን ይነግራታል፤ የኛዎቹም ለሰዓታችን ብርሃን የሚነግሩ ቢሆኑስ?

ማረጋገጫው ጂኖቹን ከአይጥ ላይ ማጥፋት ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ነች፤ ጎማ ብታስቀምጡላት ሌሊቱን ስትሮጥ ታድራለች። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ለሳምንታት ብትቆይ እንኳ የውስጥ ሰዓቷ ስለማይቆም በየቀኑ በተቀራራቢ ጊዜ መሮጥ ትጀምራለች። በ1998 እና በ1999 የሳንጃርና የሌሎች ቡድኖች ውጤት ተከታትሎ ወጣ። የመጀመሪያው ክሪፕቶክሮም የጠፋባቸው አይጦች ቀናቸው በአንድ ሰዓት ገደማ አጠረ። ሁለተኛው የጠፋባቸው በአንድ ሰዓት ገደማ ረዘመ። ሁለቱም የጠፉባቸውስ? ጨለማ ውስጥ ሲገቡ ሰዓታቸው ጨርሶ ጠፋ፤ አሁን ይሮጣሉ፣ አሁን ይተኛሉ፤ ቀንና ሌሊት የሚባል ሥርዓት የላቸውም።

አስተውሉ፤ ይህ ውጤት ሳንጃር ከገመተው ይለያል። እሱ የጠበቀው ብርሃን ተቀባይ ነበር። ብርሃን ተቀባዩ ብቻ ቢሆን የጠፋው ሰዓቱ መዞሩን አያቆምም ነበር፤ ማስተካከያው ብቻ ይበላሽ ነበር። የተገኘው ግን የሰዓቱ ራሱ ጥርስ ነው። ለሰዓቱ ብርሃን የሚያደርሰው ዋናው ፕሮቲን ዓይን ውስጥ ያለ ሜላኖፕሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደሆነ በ2002 አካባቢ ግልጽ ሆነ። ግምቱ ወደ ሰዓቱ አደረሰው፤ የሰዓቱን እውነት የነገረው ግን ሙከራው ነው።

ሰዓቱ እንዴት ይዞራል?

የኮንትሮል ሲስተም ኮርስ የወሰዳችሁ ትደሰታላችሁ። ነገሩ የዘገየ አሉታዊ ግብረ መልስ ነው።

ሁለት ፕሮቲኖች አሉ፤ ክሎክ እና ቢማል1። እነሱ የክሪፕቶክሮምንና ፐር የተባለውን ጓደኛውን ጂኖች ያበራሉ። ክሪፕቶክሮምና ፐር እየተመረቱ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ ተያይዘው ወደ ሴሉ እምብርት ይገቡና ክሎክንና ቢማል1ን ዝም ያሰኟቸዋል። ምርቱ ይቆማል። የተመረቱትም ቀስ በቀስ ይፈራርሳሉ። አጋጁ ሲያልቅ ክሎክና ቢማል1 እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

የውኃ ታንከር ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ አስቡት። ውኃው ሲሞላ ኳሱ ይነሳና ይዘጋል፤ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። ኳሱ ወዲያው ሳይሆን ዘግይቶ ቢዘጋና ዘግይቶ ቢከፍት የታንከሩ ውኃ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። የኛ ሰዓት ያ ውዝዋዜ ነው። ክሪፕቶክሮም ደግሞ ኳሱ ነው፤ ዋናው ዘጊ። ኳሱ ቢከብድ ወይም ቢቀል ዙሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤ የሚጠግን ማሽን እኛ ውስጥ ዘመዱ የእንቅልፍና የንቃት ሰዓት ዘጊ ሆኖ ተገኘ። ማንም ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ አይደርስበትም ነበር።

አንዲት ፊደል ስትለወጥ

አሁን ወደ ዶርማችን እየተጠጋን ነው።

በ2017 ኒውዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜ ልኳን አርፍዳ የምትተኛ አንዲት ሴት ላይ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። መስኮትም ሰዓትም በሌለበት ክፍል ስትቆይ የሰውነቷ ሰዓት ከ24 ሰዓት በግማሽ ሰዓት ያህል ይረዝም ነበር። ጂኖቿ ሲነበቡ በመጀመሪያው ክሪፕቶክሮም ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። በዚያች ፊደል ምክንያት ፕሮቲኑ ሲሠራ አንድ ቁራጭ ይዘለላል። የሚወጣው አጭር ክሪፕቶክሮም ከተለመደው ይልቅ የበረታ ዘጊ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ይዘገያል።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ ይህ ለውጥ ያለባቸውን ሌሎች ቤተሰቦች ፈለጉ። ያገኙት የት መሰላችሁ? ሳንጃር በተወለደባት ቱርክ። በየቤተሰቡ ለውጡን የወረሱት ካልወረሱት ዘመዶቻቸው ይልቅ አርፍደው የሚተኙና አርፍደው የሚነሱ ሆኑ። ከአባት ወይም ከእናት አንዱ ብቻ ቢያወርስ ይበቃል። በአንዳንድ ሕዝቦች ከ75 ሰው እስከ አንድ ሰው ድረስ ሊኖርበት እንደሚችል ተገምቷል።

ግማሽ ሰዓት ትንሽ ትመስላለች። ግን ሰዓታችሁ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይና በየጠዋቱ ወደ ፊት ማስተካከል ግዴታ ቢሆንባችሁ አስቡት። ለሌላው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለት እንቅልፍ ጠግቦ የሚነሳበት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ገና የእንቅልፉ ጥልቅ ክፍል ነው። አላርሙን የማይሰማው ለዚህ ነው።

ለኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «በቃ፣ የኔ ክሪፕቶክሮም ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን የሚስብ ወንድም እንዳይኖር። አብዛኞቻችን የምናረፍደው ጂናችን ስለተለወጠ አይደለም፤ እስከ 7 ሰዓት ስልክ ስለምንነካካ ነው። ከላይ እንዳየነው የዓይናችን ብርሃን ተቀባይ ለሰዓቱ መልእክት ያደርሳል፤ በተለይ ለሰማያዊ ብርሃን ይነቃል። ማታ ደማቅ ብርሃን ዓይናችን ላይ ሲያርፍ ለሰዓታችን «ገና ቀን ነው» እያልነው ነው። ስለዚህ፦

ከዒሻ በኋላ መብራትና ስክሪን ቀንሱ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ መቀጠልን ይጠሉ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል፤ ይህን ልማድ ግቢ ውስጥ ብንመልሰው ሰውነታችንም ያመሰግነናል።

ከፈጅር በኋላ ተመልሳችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትግቡ። ብርሃን ሲወጣ ውጭ ላይ ተራመዱ፤ የጠዋት ብርሃን ሰዓትን ወደ ፊት ያመጣል።

ቅዳሜና እሑድም በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ። ሁለት ቀን እስከ ረፋድ የተኛ ሰው ሰኞ ጠዋት ከሌላ አገር በአውሮፕላን የገባ ያህል ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ለወራት ካልተቃና፣ በተለይ በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ሐኪም አማክሩ። ብርሃንን በተወሰነ ሰዓት በመጠቀምና በሌሎች መንገዶች የሚረዱበት ሕክምና አለ። መታከም ተወኩልን አያጎድልም። ተኝቶ ሶላት ስላመለጠው ሰው ሸሪዓው የሚለውን ደግሞ ከኡስታዞች ጠይቁ፤ ከዶርም ጓደኛ ቀልድ አትማሩት።

ለጀመዓው ያለኝ መልእክት ግን ሌላ ነው። እኔ ያን ልጅ ተኝቶ አየሁት፤ ግድ የለሽ ሰው ደግሞ ተኝቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ግድ የለሽ ነው አልኩ። መመሳሰሉን አየሁ፤ አልፈተሽኩም። «ማታ ስንት ሰዓት ነው እንቅልፍ የሚወስድህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሳንጃር በአንድ ፕሮቲን ላይ ለመፍረድ የወሰደውን ጥንቃቄ እኔ ለሙስሊም ወንድሜ ነፈግሁት። በሑስኑ ዘን፣ በመልካም ጥርጣሬ፣ የታዘዝነው ግን ለፕሮቲን ሳይሆን ለወንድማችን ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «አፉ ብያለሁ፤ ግን ደግመህ እንዳትቀልድ» አለኝ። ዘንድሮም አንድ ዶርም ነን። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ዋናውን መብራት እናጠፋለን፤ ማጥናት የፈለገ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ጠዋት ተራ ገብተን አንዳችን እሱ እስኪነሳ ድረስ እንቀመጣለን፤ ሌሎቻችን ወደ መስጂድ እንቀድማለን። አንዳንድ ቀን ሁለተኛው ረከዐ ላይ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀን አይደርስም። ሐሙስ ደርስ ላይ ግን ተመልሷል፤ ብዙ ጊዜ ከሁላችን በኋላ የሚወጣው እሱ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ ከመቸኮልም ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።